የአባባ ፓስፖርት

አባባን «ፓስፖርት እናውጣልዎ» ስንላቸው ጥቂት ዝም አሉ። ለምን እንደሆነ አልጠየቁም። «ካላችሁ ይሁን» አሉና ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ መኝታ ክፍላቸው ገቡ። እኔና ታናሽ እህቴ ተያይተን ሳቅን። «ምንም አልነቁም!» አለችኝ በሹክሹክታ።

ያን ዕለት ምን እንደሠራን የገባን ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. አባባና እማዬ ከተጋቡ ድፍን 50 ዓመት ሊሞላቸው ነው። የሰርጉ ዕዳ ተከፍሎ ሳያልቅ ትዳሩ ቀድሞ በሚያልቅበት በዚህ ዘመን 50 ዓመት እንደዋዛ አይታለፍም። አራት ልጆች ነን። ታላቅ እህታችን ቨርጂኒያ ትኖራለች። ከእኔ በታች ያለው ወንድማችን ዱባይ ነው። እኔና የመጨረሻዋ እዚሁ አዲስ አበባ አለን። በነሐሴ ወር አንድ እሑድ ማታ አራታችንም በስልክ ተገናኘንና ስብሰባው ተጀመረ።

«ባሕር ዳር እንውሰዳቸው» አለች ታላቅ እህቴ።

«ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን መንገዱ…» ብዬ ስጀምር፣

«ኧረ ከተማውን አይደለም! ባሕር ነው የምልህ! አሸዋ ያለው፣ ሪዞርት ያለው፣ የምር ባሕር!»

እዚህ ላይ ስለ ቤተሰባችን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኛ የባሕር ልጆች ነን። አባባ በ1962 ዓ.ም. በ24 ዓመታቸው አሰብ ወደብ ጸሐፊ ሆነው ተቀጠሩ። በጥር 1967 አዲስ አበባ መጥተው እማዬን አገቡና፣ የጫጉላው ጊዜ እንኳ ሳያልቅ ያንን ከ850 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ የበረሃ መንገድ ይዘዋት ወረዱ። አራታችንም የተወለድነው እዚያው ነው። የወደቡ ክሬን፣ የነዳጅ ማጣሪያው ጭስ፣ ሙቀቱ ሲብስ አልጋ ደጅ አውጥቶ መተኛት፣ የበረሃ አበል በተከፈለ ቀን አባባ በጋዜጣ ጠቅልለው የሚያመጡት ዓሣ… ሁሉም በ1983 ዓ.ም. እዚያው ቀረ። ሁለት ሻንጣ፣ አንድ አልጋና አራት ልጅ ጭነው አዲስ አበባ ገቡ። በ1985 ኤርትራ ነጻ አገር ሆነች። በ1990 ጦርነቱ ሲመጣ ወደቡም ለኢትዮጵያ ዕቃ ተዘጋ። በመስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በቡሬ በኩል ድንበሩ ተከፈተ ሲባል አባባ ሻንጣቸውን ከቁም ሳጥን ላይ አስወርደው አቧራውን አስጠርገው ነበር። እሳቸው «ሰው ይቅደም፣ እኛ እንደርሳለን» ሲሉ፣ ብዙም ሳይቆይ መልሶ ተዘጋ።

ስለ ወደብ ፖለቲካ ላወራ አይደለም፤ የሚያወራው ሞልቷል። የማወራው ስለ አንድ ሽማግሌ እግር ነው። ያ እግር ከ1983 ወዲህ የጨው ውሃ አልነካም። ስለዚህ የእህቴ ሐሳብ ደግ ሐሳብ ነበር። ይሄን አስቀድሜ ልመስክርላት፣ በኋላ ስሟን ሳነሳ እንዳትቀየሙብኝ።

እናላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ወራት የምርጫ ወራት ሆኑ። የዱባዩ ወንድሜ «እዚህ ይምጡ፤ ባሕሩ ከሕንጻው ሥር ነው፤ ሁሉ ነገር በሊፍት ነው» አለ። 16 ሰዎች ነን፤ ለ16 ሰው ቪዛ መጠየቅ ሲታሰብ ሐሳቡ በራሱ ጊዜ ረገበ። ከሞምባሳ በስተ ደቡብ ያለው ዲያኒ ተነሣ፤ ነጭ አሸዋው ተደነቀ፤ ታለፈ። በመጨረሻ ታላቅ እህቴ ዛንዚባር ላይ ቆመች። ፎቶ ላከች። መዋኛ ገንዳው ከባሕሩ ጋር የተቀጠለ ይመስላል። አልጋው ላይ የጽጌረዳ ቅጠል ተበትኗል። እኔ አልጋውን ሳይ ያሰብኩት እማዬን ነበር፤ ያንን ቅጠል ለቅማ ሳትጨርስ እንደማትተኛ አውቃለሁ።

እንግዲህ ሪዞርት መምረጥ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። እኔም በ47 ዓመቴ ተማርኩት። «ባሕር የሚያሳይ ክፍል» ማለት «ባሕር ዳር ያለ ክፍል» ማለት አይደለም፤ አንገትህን በመስኮት አውጥተህ ወደ ግራ ካጠፍከው የምታየውም ባሕር ሒሳብ ውስጥ ይገባል። «ሁሉን ያካተተ» ማለት፣ እማዬ የማትጠጣውን ቢራና አባባ የተከለከሉትን ጥብስ ጨምረህ ትከፍላለህ ማለት ነው። በዛንዚባር ምሥራቃዊ ዳርቻ ደግሞ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ሲጎድል በጣም ርቆ ስለሚሄድ፣ ሴቶች በደረቀው ወለል ላይ ወርደው የባሕር አረም ያለማሉ። ፎቶው የሚነሣው ታዲያ ሲሞላ ነው። ምርኩዝ ይዘው የሚሄዱ የ79 ዓመት ሰው ውሃውን ለመንካት በእርጥብ አሸዋ ላይ ስንት ሜትር እንደሚራመዱ ፎቶው አይናገርም።

የቢጫ ወባ ክትባት ጉዳይም መጣ። ከእኛ አገር ወደዚያ የሚሄድ ሰው ካርዱን ይጠየቃል። ታናሽ እህቴ አባባን «አጠቃላይ ምርመራ» ብላ ክሊኒክ ወሰደቻቸውና ሐኪሙን ለብቻው አማከረችው። ሐኪሙም ክትባቱ ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ የተለየ ጥንቃቄ እንደሚፈልግ፣ ዝም ተብሎ የሚወጋ እንዳልሆነ ነገራት። ይሄንን በር ዘግተው ሲነጋገሩ አባባ ኮሪደሩ ላይ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ይሄን ልብ በሉልኝ።

ከዚያ የገንዘቡ ነገር መጣ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ፣ በቨርጂኒያና በአዲስ አበባ ያለን ወንድምና እህቶች አንድ ዓይነት ሒሳብ መሥራት አቅቶናል። ለእሷ «ያን ያህል አይደለም» የሚባለው ለእኔ የብዙ ወራት ደመወዝ ነው። አስተማሪ ለሆነችው ታናሽ እህቴማ ባይወራ ይሻላል። ይሄንን ለማስረዳት ስንጀምር ታላቅ እህቴ በቅን ልብ፣ «ስለ ገንዘብ አታስቡ፤ እኔ እከፍላለሁ፤ እናንተ ብቻ ኑ» አለች።

«እናንተ ብቻ ኑ።» ታናሽ እህቴ ስልኳን አስቀምጣ ወጣች። አባባን በየወሩ ሐኪም ቤት የምታመላልሳቸው እሷ ናት። ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚነሡ፣ የትኛው ጉልበታቸው እንደሚብስ፣ የትኛውን ኪኒን በስንት ሰዓት እንደሚውጡ የምታውቀው እሷ ናት። ይሄ ሁሉ ግን በዶላር አይመነዘርም። ስለዚህ በመዋጮው ዝርዝር ላይ ከስሟ ፊት ለፊት ያለው ቦታ ባዶ ነበር። ከፋይ ይመርጣል፤ የማይከፍል ይከተላል። በቤተሰብ መሀል ይሄንን ሕግ ማንም አያወጣውም፤ ግን ሁላችንም እናከብረዋለን።

በዚህ ሁሉ ላይ የታላቅ እህቴ ትእዛዝ አንድ ነበር። «እንዳይሰሙ! ሰርፕራይዝ ነው!»

አሁን ነገሩን በአባባ ዓይን እዩት። ልጆቻቸው ያለ ምክንያት አጠቃላይ ምርመራ ይወስዷቸዋል። ሐኪሙ ከልጃቸው ጋር በር ዘግቶ ያወራል። ሳሎን ሲገቡ ወሬ ይቋረጣል። አሜሪካ ያለችው ልጅ አራት ዓመት ያልመጣችውን «ጥር ላይ እመጣለሁ» ትላለች። የዱባዩም «እኔም ፈቃድ ጠይቄያለሁ» ይላል። ከዚያ ደግሞ ውጭ አገር ወጥተው የማያውቁትን ሽማግሌ «ፓስፖርት እናውጣልዎ» ይሏቸዋል።

በእኛ አገር ይሄ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው።

ሕመሙን መጨረሻ የሚሰማው ታማሚው በሆነበት አገር ነው የምንኖረው። መርዶ እንኳ ሌሊት ተጠብቆ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። አባባ ራሳቸው ታላቅ ወንድማቸው በጉበት ሕመም ሲሞቱ ስድስት ወር ሙሉ «ጨጓራ ነው» እያሉ አስታመዋቸዋል። ምልክቱን ሁሉ ያውቁታል። ኖረውበታል።

ነገሩን የነገሩኝ የዕድራችን ጸሐፊ ናቸው። የአባባ ሚዜ የነበሩ፣ አሁንም ሁለት ቤት አልፎ የሚኖሩ ጋሼ ናቸው። አንድ ቀን መሥሪያ ቤቴ ድረስ መጡ። ወንበር ስስብላቸው እንኳ አልተቀመጡም።

«ልጄ፣ እኔ ለአባትህ ባዕድ አይደለሁም። ምንድን ነው የተገኘባቸው?»

«ምን ተገኘባቸው?»

«የቤቱን ካርታ አሳዩኝ። በአራታችሁ ስም እንዴት እንደሚሆን ጠየቁኝ። የንስሐ አባታቸውንም አስጠርተው ነበር። ሰዓታቸውን ለልጅህ ሰጥተውታል አሉ። እኔ እንኳ…» ብለው ትንሽ አመነቱ፤ «እኔ እንኳ የትልቁን ድንኳን ሸራ እንዲጠግኑት አዝዣለሁ።»

አልዋሻችሁም፣ ቀድሞ የመጣልኝ ሳቅ ነበር። የሚቀጥለውን ስሰማ ግን ሳቁ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። «የግፊት መድኃኒቱንም ትተውታል» አሉ ጋሼ። «‹ለሚሄድ ሰው ምን ያደርጋል፣ ለልጆቹ ወጪ ነው› አሉኝ።»

ቤት ስደርስ እህቴ ቀድማኝ ደርሳ ነበር። የግፊት መለኪያውን እጃቸው ላይ አስራ ቁጥሩን ታያለች። 190 በ110። መድኃኒቱን ካቆሙ 11 ቀን ሆኗቸዋል። እኛ ዛንዚባር ላይ መዋኛ ገንዳ ስናማርጥ፣ አባታችን መኝታ ክፍላቸው ውስጥ ለብቻቸው ተቀምጠው ሞታቸውን ሲያሰናዱ ነበር። አንዳችንንም አልጠየቁን። ለምን? እኛ እንዳንጨነቅ! እኛ ለእሳቸው ደብቀናል፤ እሳቸውም ለእኛ ደብቀዋል።

«አባባ፣ አልታመሙም» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ ረጋ ብለው። «እንዲህ ነው የሚባለው። እኔም ለወንድሜ እንዲሁ ነው ያልኩት።»

ምን ይባላል? ቨርጂኒያም ዱባይም ተደወለ። ታላቅ እህቴ ከእንቅልፏ ተነሥታ እያለቀሰች ማለች። ወንድሜ ማለ። አላመኑም። በመጨረሻ እህቴ የዛንዚባሩን ሪዞርት ፎቶና ዋጋ ላከችና ስልኩን ዓይናቸው ሥር አደረግንላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሩን ቀስ ብለው አነበቡ። በብር ስንት እንደሚሆን ጠየቁ። ነገርናቸው።

«ይሄ ለሦስት ሌሊት ነው?»

«አዎ፣ ለሁላችንም።»

«እንግዲያው አልታመምኩም» አሉ። «ለሚሞት ሰው ይሄን ያህል የሚያወጣ ቤተሰብ የለም።» ከዚያም ኪኒኑን እንድታመጣላቸው ለእህቴ ምልክት ሰጧት።

እስከዚያ ሰዓት እማዬ አንድ ቃል አልተናገረችም ነበር። ፎቶውን ደጋግማ አየችው። «ደስ ይላል» አለች። «እና ሚዜዬ የት ነው የምታርፈው?»

ጸጥ አልን።

«ሰርጌን ካዩት ሰዎች በሕይወት የቀሩት ሦስት ናቸው። ሦስቱም እዚህ ሰፈር ናቸው። እነሱ ከሌሉ 50 ዓመት ሞላኝ ብዬ ለማን ነው የምናገረው? ለዓሣው?»

ሁለት ወር ሙሉ ስለ አሸዋ ንጣት፣ ስለ ኮከብ ብዛት፣ ስለ ቁርስ ዓይነት ስናወራ ይሄ ጥያቄ ከአራታችን ለአንዳችን አልመጣልንም። ሪዞርት የምንለው ነገር ለካ አጥርም አለው። አጥሩ ከከፈለ በቀር አያስገባም። የወላጆቻችንን 50 ዓመት ግን የያዘው የከፈለ ሰው አይደለም። በ1983 ባዶ እጃቸውን ሲመጡ ምንጣፍና ድስት ይዞ የመጣ ጎረቤት ነው።

«እሺ አባባ፣ የት ይሁን?» አለች ታላቅ እህቴ በስልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ መጠየቋ ነበር። የእኛም ሁላችን።

«አሰብ» አሉ አባባ። ከዚያ ዝምታችንን አይተው ፈገግ አሉ። «አሰብ ካልሆነማ ለእኔ ውሃ ሁሉ አንድ ነው። ሁላችሁም ባንድ ማዕድ የምትቀመጡበት ይሁን።»

ምርጫው እንደገና ተጀመረ፤ አሁን ግን ሰብሳቢዋ ታናሽ እህቴ ሆነች። ቢሾፍቱ ቅርብ ነው፤ ሐይቆቹ ግን እሳተ ገሞራ የቦረቦራቸው ጉድጓዶች ስለሆኑ ወደ ውሃው መውረጃው ደረጃ ይበዛዋል። ለጉልበት አይሆንም። ሐዋሳ ያማረ ነው፤ ግን 275 ኪሎ ሜትር ያህል ለአሮጌ ወገብ ይረዝማል። ላንጋኖ 200 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ውሃው ቡናማ ነው፤ ለፎቶ አይመችም። ነገር ግን ዳርቻው አሸዋ ነው፣ ጥልቀቱ ቀስ እያለ ነው የሚጨምረው፣ ብልሃርዚያ የለበትም ተብሎ ሰው ከሚዋኝባቸው ጥቂት የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አንዱ ነው። በቁሙ እስከ ቁርጭምጭሚቱ መግባት ለሚፈልግ ሽማግሌ ከዚህ በላይ ምን ያስፈልገዋል?

እህቴ ስልክ ደውላ ስለ ኮከብ አልጠየቀችም። ጥያቄዎቿ አምስት ነበሩ። መኪናው ከሚቆምበት እስከ ክፍሉ ስንት ደረጃ አለ? ሽንት ቤቱ ለሌሊት ይቀርባል? ሌሊት ሰው ቢታመም የት ነው የሚወሰደው? 25 ሰው ባንድ ጠረጴዛ መቀመጥ ይችላል? ቡናችንን ራሳችን ብናፈላስ? አንዱ ቤት «ከውጭ ምንም ማስገባት ክልክል ነው» አለ፤ ተሰረዘ። ሌላው «ጀበናውን ይዛችሁ ኑ፣ ከሰሉን እኛ እንሰጣለን» አለ፤ እሱ ተመረጠ። መዋጮውንም እንደ አቅማችን አዋጣን። ታላቅ እህቴ ለጎረቤቶቹ ማረፊያና ለመኪናው ከፈለች። ከታናሽ እህቴ ስም ፊት ለፊት «ሁሉን አዘጋጅ» ተብሎ ተጻፈ። የጻፈችው ታላቅ እህቴ ናት። ማታ ለብቻዋ ደውላም አናገረቻት፤ ምን እንደተባባሉ አልጠየቅኩም።

በጥር አንድ ቅዳሜ ጠዋት በኮስተር ተነሣን። እማዬና ሚዜዋ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ከሞጆ እስከ ባቱ ሲሳሳቁ ሄዱ። የዕድሩ ጸሐፊ ያስጠገኑት ሸራም አብሮን ሄደ። ከሰዓት በኋላ ላንጋኖ ላይ ነፋስ ይነሣል ሲባል ሰምተው ነበርና፣ ዳርቻው ላይ ተከልነውና ከሥሩ ምሳ በላን። ለለቅሶ የታሰበ ሸራ ለድግስ ሲውል ሳይ ምን እንደተሰማኝ መናገር አልችልም።

አመሻሽ ላይ አባባ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰበሰቡ። አንድ እጃቸውን ታናሽ እህቴ፣ ሌላውን ሚዜያቸው ያዙ። ውሃው ቁርጭምጭሚታቸውን ሲያልፍ ቆሙ። ብዙ ቆሙ። ከዚያ ጎንበስ አሉና እጃቸውን ነክረው ጣታቸውን ቀመሱ።

«ጨው የለውም» አሉ።

«ምን ያደርግልሃል?» አሉ ሚዜያቸው። «ግፊት አለብህ!»

ሳቁ እስከ ሸራው ድረስ ተሰማ። ታላቅ እህቴ ፎቶ ለማንሣት ስልኳን አውጥታ ነበር። ስቃም አልቅሳም ስለነበር ፎቶው ተንቀጥቅጧል። ያለን ፎቶ እሱ ብቻ ነው፤ የማንም አልጋ ላይ ጽጌረዳ የለበትም።

እናም ወዳጆቼ፣ ለወላጆቻችሁ አንድ ነገር ስታስቡ፣ ቦታውን ከመምረጣችሁ በፊት ራሳቸውን ጠይቁ። ሰርፕራይዝ የሚሉት ነገር ወጣትን ያስደስት ይሆናል። ክፉ ወሬ እየተደበቀለት ላረጀ ሰው ግን ሹክሹክታ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ለደስታ ይሁን ለመርዶ አይለይለትም።

ፓስፖርቱ በመጨረሻ ወጣ። ምንም ማህተም ሳያርፍበት በአባባ መሳቢያ ውስጥ ከግፊት ኪኒኑ አጠገብ ተቀምጧል። በቅርቡ ታናሽ እህቴ መሳቢያውን ስታስተካክል «ይሄን ምን ላድርገው?» አለቻቸው።

«ተይው፣ ይቀመጥ» አሉ አባባ። «ቡሬ የተከፈተ ዕለት ይፈለጋል።»